ሽበትና ድንቢጥ

ስልኩ ሲጮኽ መምህርቷ ሰሌዳው ላይ የሰው ልብ እየሳለች ነበር። ግራውን ጨርሳ ወደ ቀኙ ተሻግራለች። ክፍል ውስጥ ስልክ ክልክል ነው፤ ክልከላውን ያወጣችውም ራሷ ስለሆነች ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ግን ጠመኔውን ሳትለቅ በሌላኛው እጇ ስልኩን አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

የደወለችው የውኃ ሥራዎች መሐንዲስ ነበረች። የአሮጌውን የውኃ ማጠራቀሚያ ግንብ ማደስ መጀመራቸውን፣ ግንበኞቹም መወጣጫውም ያሉት ለዛሬ ብቻ መሆኑን፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያሉትን የድንቢጥ ጎጆዎች አንሥተው መረብ ለመወጠር የእሷ ቃል እንደሚያስፈልጋቸው በጥድፊያ ነገረቻት።

"በዚህ ጊዜ እርስዎን ማስቸገር አልፈለግንም ነበር፤" አለች መሐንዲሷ። "ግን ያኔ ጎጆዎቹ እንዳይነኩ ያስወሰኑት እርስዎ ነዎት።"

"እመጣለሁ።"

ስልኩን ዘግታ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ልቡን ጨረሰች። ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በቀስት አመለከተች፤ አንዲት ተማሪ ለጠየቀቻት ጥያቄ ረጋ ብላ መለሰች፤ ደወሉ ሲደወልም ሰሌዳውን አጠፋች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆናለች። የሚሠራውን ሁሉ ትሠራለች፤ የሚበላውን ትበላለች፤ ለሚያጽናናት ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። ክንዱን ተንተርሶ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነቃ እጁ የራሱ አልመስል እንደሚለው፣ እሷንም መላ ሰውነቷ የሌላ ሰው ሆኖባታል። ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ከዘመዱ አንዱ "ድንጋይ ነች" አለ፤ ሌላው "ደንግጣ ነው፣ ቆይቶ ይወጣላታል" አለ። እሷም ቆይቶ የሚወጣውን ነገር ከሰዎቹ ጋር ሆና ስትጠብቅ ከረመች። አልወጣም።

ለርዕሰ መምህሩ ነግራ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በእግሯ ወደ ግንቡ ሄደች። መንገዱ ላይ ድንቢጥ የሌለበት ቦታ የለም። የመድኃኒት ቤቱ ማስታወቂያ ፊደላት ውስጥ አሉ፤ የመብራት ምሰሶው ጉሮሮ ውስጥ አሉ፤ የአውቶቡስ መጠበቂያው ሥር የፈሰሰ ፍርፋሪ ላይ ይንጫጫሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆም ብላ ታያቸው ነበር። ተማሪዎቿ በሌለችበት "ቲቸር ድንቢጥ" ይሏታል። የትምህርት ቤቱን የወፍ ክበብ የምትመራው እሷ ነች፤ ሌሎች ክበቦች ንስር ፍለጋ ተራራ ሲወጡ፣ እሷ ልጆቹን ሰብስባ የግቢውን ድንቢጦች ታስቆጥራለች።

ባሏ ደግሞ የሽበት ሰው ነበር። ሽበት ሲባል የራስ ፀጉር አይደለም፤ እርጥብ ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅለው፣ አበባ የሌለው ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ነው። ሰው ረግጦት ያልፋል፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ተንበርክኮ በማጉያ መነጽር ሲያየው ኖረ። ጓደኞቹ "ሽበት ሳያወጣ ሽበት ያገባ" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከሽበቶቹ ሁሉ የሚሳሳላት አንዲት ነበረች። በአሮጌው የውኃ ማጠራቀሚያ ግንብ ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል፣ ውኃ ከስንጥቁ እየሰረገ በሚወርድበት ቦታ የበቀለች፣ ከሁለት መዳፍ የማትበልጥ። በወጣትነቱ ያገኛት እሱ ነው። ከዚያ ግንብ ውጭ የታየችው በጣት በሚቆጠር ቦታ ብቻ ነው ይላል፤ ዓመት ሙሉ አድጋ አድጋ የጥፍር ያህል አትሞላም።

ችግሩ ከእሷ በላይ ያለው ጣሪያ ነበር። ጠርዙ ሥር ድንቢጦች ጎጆ ሠርተዋል፤ ኩሳቸው እየተንጠባጠበ ሽበቷን ያቃጥላታል። ባሏ ጎጆዎቹ ተነሥተው መረብ እንዲወጠር የውኃ ሥራዎችን ጠየቀ። የወፍ ክበቡ ሰብሳቢ ተቃወመች። ጉዳዩ ስብሰባ ተጠራበት፤ ባልና ሚስት ከአንድ ቤት ቁርስ በልተው ወጥተው በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

"ድንቢጥ የትም ትፈለፈላለች፤" አለ እሱ። "ይቺ ግን ሌላ ግንብ የላትም።"

እሷ ተነሥታ፣ ብርቅ የሆነ ነገር ጠበቃ አያጣም አለች፤ ሊቅ ይነሣለታል፣ ስብሰባ ይጠራለታል። የተለመደውን ግን ማን አለው? ሁሌ ስላለ ብቻ ሁሌ የሚኖር ይመስለናል። አዳራሹ አጨበጨበ። እሱም አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ "የነዚህን ሰዎች ነገር አስታራቂ እንጂ ስብሰባ አይፈታውም" ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀው። በመጨረሻም የወፍ ክበቡ ካልፈቀደ ጎጆዎቹ እንዳይነኩ ተወሰነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ "ተውኩት" አላት። እውነትም ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥቶባት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ከበፊቱ ቀድሞ መውጣት ጀመረ፤ ኩርፊያ ነው ብላ ገመተች። እሷም ያን ቀን የተናገረችው ስለ ወፍ ብቻ እንዳልነበረ ልቧ ያውቃል። የዚያን ሰሞን ፀጉሯን በአጭሩ ተቆርጣ ገብታ፣ ሳምንት ሙሉ አላየላትም ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት እዚያው ግንብ ላይ ከመሰላል ወድቆ ሞተ። ሽበቷን ሲመረምር ነው ተባለ። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም።

*

ግንቡ ዙሪያውን በእንጨት መወጣጫ ተይዟል። ግንበኛው ላይ ሆኖ አሮጌ ልስን ይመታል፤ አቧራው ቀስ እያለ ይወርዳል። መሐንዲሷ የራስ ቁሯን አውልቃ ተቀበለቻት፤ ወጣት ናት፣ ሐዘንተኛን እንዴት እንደሚያናግሩት የጨነቃት ትመስላለች። አጠገቧ ባሏ ያስተማረው የዕፀዋት ባለሙያ ቆሟል። ትንሽ ራቅ ብለው የግንቡ ጥበቃ አሉ፤ ሰው ሁሉ ሻምበል ይላቸዋል፤ ወታደር ቤት በደጁም አልፈው አያውቁም።

መሐንዲሷ ነገሩን አስረዳቻት። ስንጥቁን ይደፍኑታል፤ ለሽበቷ ግን ውኃ እንዳይቋረጥባት ቀጭን ቱቦ ተትቶላታል፤ በዚህ በኩል የሚያሰጋ ነገር የለም። የቀረው ኩሱ ነው። ባለሙያው በጣቱ ወደ ግድግዳው አሳየ። መምህርቷ ቀረብ ብላ አንጋጣ አየች። ከላይ እስከ ታች ነጭ ወርዶባታል፤ ከነጩ ሥር ያለው ግማሹ ቡናማ ሆኗል።

"በዚህ ዓይነት ዝናቡን አታየውም፤" አለ ባለሙያው። "የሚገርመኝ፣ ዶክተር በሕይወት እያሉ ደህና ነበረች። ጎጆውም ያው ጎጆ ነው፤ ወፎቹም እነዚያው ናቸው። ምን እንደተለወጠ አልገባኝም።"

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ ዶክተሩ ያጥቧት እንደነበር ተናገሩ። በየማለዳው ይመጣሉ አሉ፤ መሰላሉን ከእኔ ቤት ወስደው፣ ከስንጥቁ የሚወርደውን ውኃ በጣሳ ጠልቀው፣ የሕፃን ፀጉር ማበጠሪያ የመሰለች ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ይወጣሉ። ሌሊቱን የወረደውን ኩስ ሳይደርቅ ያነሡታል። ክረምት የለ፣ በጋ የለ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ከስብሰባው ወዲህ ነው።

መምህርቷ ሰማች። ቃላቱ አንድ በአንድ ገቡ፤ አንዱም ግን የትም አላረፈም። የመሐንዲሷ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ጭቃ ላይ ሲጎተት አየችና "ማሰሪያሽ ተፈትቷል፣ እንዳያደናቅፍሽ" አለቻት። መሐንዲሷ ጎንበስ ብላ አሰረች።

"ለምንድን ነው ያልነገረኝ?" አለች መምህርቷ።

ሻምበል መልሱን ያውቁታል፤ ለማውጣት ግን ከበዳቸው። "እኔም ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። 'ካወቀች ያሸነፈች ይመስላታል' አሉኝ።"

"ያን ዕለትም ሲያጥብ ነበር?"

"ያን ዕለትም። ስደርስ ብሩሹ ከእጃቸው አልወጣም ነበር።"

ላይ ያለው ግንበኛ መምታቱን አቁሟል፤ ጎጆዎቹ ውስጥ ጫጩቶቹ ሲጮኹ ይሰማል። መሐንዲሷ የሥራ ሰዓት እስኪያበቃ ድረስ መጠበቅ እንደምትችል፣ ከዚያ በኋላ ግን መወጣጫው ፈርሶ ሌላ ቦታ እንደሚሄድ በለሆሳስ ነገረቻት። መምህርቷ "ቤት ደርሼ ልምጣ" አለች። ቤት ምን እንዳላት ብትጠየቅ አታውቅም።

*

አማቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የልጃቸውን ሸሚዞች ቁልፍ ይተክላሉ። ልብሱ ለሰው ሊሰጥ ነው፤ እሳቸው ግን "የተበጠሰ ቁልፍ ይዞ የልጄ ልብስ ሰው ቤት አይገባም" ብለው አንድ በአንድ እየገለበጡ ሲያዩት ሰንብተዋል። መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ምራታቸውን ነው የሚጠብቁት፤ ዛሬ በጊዜ ስትመጣ ሳይጠይቁ መርፌውን ዘረጉላት። አስገብታ መለሰችላቸው። ከዚያ እንደቆመች፣ ሻምበል የነገሯትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

አሮጊቷ እስኪያበቃ አዳመጡ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

"ኩስ ሲጠርግ ነው ልጄ የሞተው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ያንቺን ወፎች ኩስ።"

"አዎ።"

አሮጊቷ ሸሚዙን ጭናቸው ላይ አነጠፉትና እጥፋቱን በመዳፋቸው አስተካከሉት። ሲጀምሩ የሚያለቅሱ መሰላት፤ ትከሻቸው ግን የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነበር።

"እልኸኛ፤" አሉ። "ቁርጥ አባቱን። እሱም አንድ ጊዜ ጣሪያው ያፈሳል፣ ይጠገን ብዬ ብጨቀጭቀው 'ምንም አያፈስም' ብሎ ድርቅ አለ። ለካ ገበያ ስሄድ እየጠበቀ ወጥቶ ይጠግናል። 'አዎ፣ አንቺ ነሽ ልክ' ማለት ሞቱ ነው። ስንት ዘመን ቆይቶ ጎረቤት ነገረችኝ፤ እኔም ያወቅሁ አልመሰልኩም።" ሳቁ እየቀጠነ ሄደና ቆመ። በሸሚዙ እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

መምህርቷ ከፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። መናገር የፈለገችው ቤት እስክትደርስ አልገባትም ነበር፤ አሁን ወጣ።

"ያን ቀን ስብሰባው ላይ ባልቃወም ኖሮ መረቡ ይወጠር ነበር፣ እማማ። መሰላል ላይ አይወጣም ነበር።"

አማቷ አዩዋት።

"እንድቆጣሽ ነው የምትፈልጊው?"

"አላውቅም። ይሆናል።"

"እንግዲያው ሌላ ቀን። ዛሬ ጉልበት የለኝም።" መርፌውን ሸሚዙ አንገት ላይ ሰኩት። "ይልቅ ጫማዬን አቀብዪኝ።"

ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ወደ ግንቡ አልሄዱም ነበር፤ እናሳይዎት ያላቸውንም ሁሉ "ምን ላየው" ብለው መልሰዋል። አሁን ጫማቸውን አጥልቀው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። መምህርቷ ክንዳቸውን ያዘች። መንገዱን ሙሉ የተነጋገሩት ስለ ጫማው ነበር፤ አሮጊቷ የግራው ይጠበኛል አሉ፣ እሷም ሁለቱም አንድ ቁጥር መሆናቸውን ነገረቻቸው፣ "እግሬ ነው እንጂ እሱማ ይሆናል" አሉ።

*

ሰዎቹ ቦታ ለቀቁላቸው። መሐንዲሷ ወንበር ልታስመጣ ብትል አሮጊቷ እምቢ አሉ። ከግድግዳው ፊት ቆመው ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ።

"የታለች?"

"ይቺ ናት፣ እማማ።"

"ይቺ?" ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩ። "እኔ ደግሞ ትልቅ ነገር መስሎኝ።"

ባለሙያው ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ፣ ከእሷ ተቆርሳ ግድግዳው ሥር የወደቀች አረንጓዴ ቅንጣት በመዳፉ ይዞ አሳያቸው። አሮጊቷ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ልጃቸው ሕፃን ሳለ ምንጣፉን አፍንጫው እስኪነካ ቀርቦ ያይ እንደነበር፣ ዓይኑ ታሟል ብለው ሐኪም ዘንድ ወስደውት ምንም እንዳልተገኘበት ለባለሙያው ነገሩት። መነጽሩንም መለሱለት።

መምህርቷ በዚህ መካከል መወጣጫው ላይ ወጣች። ግንበኛው ጠጋ ብሎ አሳለፋት፤ መጥረጊያ ዘንግና የተጠቀለለ መረብ አጠገቡ አስቀምጧል። ጎጆዎቹ ከክር፣ ከፌስታል ቅዳጅና ከላባ የተሠሩ ናቸው። በአንደኛው አፍ ላይ እጇን ስታሳልፍ ጥላዋ እናታቸው መስሏቸው ጫጩቶቹ ሁሉ በአንዴ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ገና በወጉ አልተገለጠም። ከእጇ ሥር፣ ክንድ ዘርግታ በምትደርስበት ቦታ ላይ ደግሞ ሽበቷ አለች፤ ነጭ፣ ቡናማና ጥቂት አረንጓዴ።

ተማሪ ቢጠይቃት መልሱ ግልጽ ነው። ድንቢጥ ጎጆዋ ቢፈርስ በዚያው ወራት ሌላ ሠርታ እንደገና ትጥላለች፤ ከተማው በሙሉ የእሷ ነው። ይቺ አንዴ ከጠፋች ማንም መልሶ አያበቅላትም። ይህን ዛሬ አይደለም ያወቀችው፤ ስብሰባው ላይ ቆማ ስትናገርም ታውቀው ነበር። ባሏም እንደምታውቅ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ነው ምናልባት ያጨበጨበው፤ ወይም ስለዚህ አይደለም። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም። ፍቅር ይሁን እልህ፣ በየማለዳው ብሩሽ ይዞ ያወጣው ነገር የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞከረችና ተወችው። ጫጩቶቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው። ብዙ መሆናቸውን፣ ተራ መሆናቸውን የነገራቸው የለም።

"እንዴት ልሁን እመቤት?" አለ ግንበኛው። ዘንጉን አንሥቷል። "ላፍርሰው ወይስ ልውረድ?"

"ጫጩት አለበት።"

"አይቻለሁ። እኔም እኮ ልጆች አሉኝ፤ ደስ ብሎኝ አይደለም።"

ከላይ ሆና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ለመሐንዲሷ ተቃውሞዋን እንደተወች ነገረቻት። መረቡ ይወጠር። ግን ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ እንጂ ዛሬ አይሁን። መሐንዲሷ ራሷን ነቀነቀች፤ መወጣጫው ነገ እዚህ የለም፣ ተመልሶ እንዲመጣ ማስደረግ ደግሞ ከእሷ አቅም በላይ ነው። ግንበኛው መረቡን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ አሰበ። ከዚያ እንደ መጋረጃ አድርጎ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ጠቅልሎ ሊያስረው እንደሚችል ተናገረ፤ ወፎቹ የሄዱ ቀን ታች ሆኖ ገመዱን መፍታት ነው፤ መረቡ ራሱ ወርዶ ይሸፍነዋል።

"ሻምበል እንኳ ይችላሉ፤" አለ።

"እንኳ ማለት ምን ማለት ነው?" አሉ ሻምበል ከታች።

መሐንዲሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። በዚያ ተስማማች። ባለሙያው ግን ፊቱ አልተፈታም፤ መነጽሩን እያሻሸ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ያለው ጊዜ ነው የሚያስፈራው አለ። እነሱ እያደጉ ሲሄዱ ኩሱም ይጨምራል፤ የቀረችው አረንጓዴ ያን ያህል አትቆይም።

"እስከዚያ እኔ አጥባታለሁ፤" አለች መምህርቷ።

ከመወጣጫው ወረደች። ግንበኛው መረቡን ማሰር ጀመረ፤ ሥራው ብዙ አልወሰደበትም፤ ሲጨርስም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጣውላዎቹን እያወረደ መኪና ላይ ጫነ። ግድግዳው ብቻውን ሲቀር ሻምበል ሳይጠየቁ ወደ ጥበቃ ቤቱ ሄዱ። ጣሳና ብሩሽ ይዘው ወጡ። ተመልሰው ገብተው ደግሞ መሰላሉን አመጡ። ከእንጨት የተሠራ፣ አንዱ መርገጫው በሽቦ የተጠፈረ ነው።

አሮጊቷ መሰላሉን አዩ።

"ይኸው ነው?"

ሻምበል "ይኸው ነው" አሉ፤ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

መሐንዲሷ ሌላ መሰላል ከመጋዘን ላስመጣ አለች። ባለሙያው እኔ ልውጣ አለ። መምህርቷ ጣሳውን ከቱቦው ሥር ይዛ እስኪሞላ ትጠብቅ ስለነበር አልመለሰችላቸውም። ውኃው ቀጭን ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ሲሞላ ዞር ብትል አማቷ ሁለቱን የመሰላል እግሮች በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ጉልበታቸውን ለመቆም ያህል እንኳ የማያምኑት ሴትዮ፣ ጠባቡን ጫማቸውን አንዱን መሬት ላይ፣ አንዱን የመጨረሻው መርገጫ ላይ አድርገው ቆመዋል።

"እማማ፣ ሻምበል ይያዙት።"

"እኔ ይዤዋለሁ። ውጪ።"

ወጣች። መሰላሉ አንዴ ሲጥ አለ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ብሩሹን ነክራ ከላይ ጀመረች። የደረቀው ኩስ በጅ አላለም፤ ደጋግማ አርሳ፣ ጥፍሯን ሳታስነካ፣ በዝግታ ሳበችው። ከታች ሻምበል "ዶክተሩ ወደ ጎን አይወስዱትም ነበር፣ ወደ ታች ብቻ" አሏት፤ ወደ ታች ብቻ አደረገችው። ነጩ እየሟሟ ወረደ። ከሥሩ የሞተ ወጣ፤ ከሥሩ የሞተ ወጣ፤ ከዚያ በአንድ ጥግ፣ ከአውራ ጣቷ የማይበልጥ፣ እርጥብና አረንጓዴ ነገር ወጣ። መነጽር አልያዘችም። ፊቷን አስጠግታ አየችው። ጫፍ ጫፉ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ዘንጎች ቆመዋል፤ የእያንዳንዳቸው ራስ ላይ ቆብ አለ። ስንት ጊዜ ራት ላይ ሲነግራት "እህ፣ እህ" እያለች ሳህን አንሥታለች።

"ታገግማለች?" ብላ ወደ ታች ጠየቀች።

"አላውቅም፤" አለ ባለሙያው። "እናያለን።"

አናቷ ላይ አንዲት ድንቢጥ አፏ ውስጥ ትል ይዛ መጣች፤ ሰው አይታ ሽቦ ላይ ዐረፈች፤ ትንሽ ተሟገተችና ትታት ወደ ጎጆዋ ገባች። ወዲያው ጩኸቱ ተነሣ። ከዚያም አዲስ ኩስ ተንጠባጠበ፤ አንዱ የመምህርቷ እጅጌ ላይ ዐረፈ። አላስቆጣትም፤ አላሳቃትምም። ጠርጋው ቀጠለች። ለማልቀስ የሚሆን ቦታና ጊዜ ቢኖር ይህ ነበር፤ ታች ያሉትም ሰዎች የሚጠብቁት ይመስላሉ። እሷም ጠብቃ አየች። ምንም አልመጣም፤ ይልቅ ጣሳው አለቀባትና ሌላ ውኃ እንዲያቀብሏት ለሻምበል ዝቅ አድርጋ ሰጠቻቸው።

ስትጨርስ መሐንዲሷ ሄዳለች፤ ባለሙያውም ከነገ ወዲያ መጥቶ እንደሚያይ ተናግሮ ተሰናብቷል። በጥንቃቄ፣ በሽቦ የተጠፈረውን መርገጫ በእግሯ እየዳበሰች ወረደች። አማቷ ሁለቱም እግሮቿ መሬት እስኪነኩ ድረስ መሰላሉን አልለቀቁም። ከለቀቁ በኋላም መዳፋቸው ላይ የቀረውን የእንጨት ምልክት እያዩ ቆሙ።

"ነገ የምንመጣው ከትምህርት ቤት በፊት ነው በኋላ?" አሉ።

መምህርቷ ብሩሹን ጨመቀችው። በኋላ ቢሆን ለሁለቱም ይሻላል፤ አሮጊቷ ማለዳ መነሣት አይሆንላቸውም፣ እሷም ከዚያ ቀን ወዲህ ከአልጋ የምትነሣው በግድ ነው።

"በፊት ነው፣ እማማ፤" አለች። "ሳይደርቅ።"